ባለቤት ያጣው ግዳይ

ታጠቅ አለኸኝ የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ ነው። እኔ ወደዚያ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስገባ ገና የወተት ጥርሱ አልወለቀም ነበር። አሁን ጢሙ ሸብቷል፣ ልጅ ድሯል፤ መቀመጥ ግን እስከ ዛሬ አልለመደም። በርጩማ ሲሰጡት ተቀብሎ አጠገቡ ያቆመዋል። ቆሞ ይበላል። እያወራ በር ድረስ ሄዶ ሰማዩን አይቶ ይመለሳል። ሚስቱ ሰርካለም፣ «ይኸን ሰውዬ መሬቷ ትፈጀዋለች» ትላለች።

የምንኖረው ከሽንፋ ወንዝ ብዙ ሳንርቅ ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ እናርሳለን። አማቴ አለኸኝ ከደጋ ወርደው እዚህ ሲሰፍሩ አገሩ ሁሉ ጫካ ነበር። ጎሽ ገድለዋል፣ አንበሳ ገድለዋል። ባሌም በጎልማሳነቱ አንበሳ ጥሎ ሲመጣ አናቱ ላይ ቅቤ ያኖርኩለት እኔ ነኝ። ታጠቅ እንግዲህ የገዳይ ልጅ፣ የገዳይ ወንድም ሆኖ አደገ። እሱ ራሱ ግን ከእባብና ከአይጥ በቀር የገደለው ነገር የለም። በድግስ ላይ ወንዶቹ ለፉከራ መነሣት ሲጀምሩ፣ «ከብቶቹን ልያቸው» ብሎ ይወጣል። የታጠቅን ከብት ማየት ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም ግን አያነሣበትም። እጀ ቀና ገበሬ ነው። ክፉ ቃል አይወጣውም። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ደርሶ ድንኳን የሚተክለው እሱ ነው።

ዘመኑ ደግሞ ተለወጠ። ያኔ አንበሳ የገደለ ይሸለም ነበር፤ ዛሬ ይታሰራል። ሕጉ ወደ እኛ ቆላ የገባው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ በወሬ መጣ፤ ቀጥሎ ከአልጣሽ ፓርክ በኩል የጫካ ጠባቂዎች እየመጡ ሰብስበው ነገሩን፤ በመጨረሻ ወረቀቱ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ስለዚህ የተለጠፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። ጣቴን እያስኬድኩ ጮክ ብዬ ሳነብ ወንዶቹ ከኋላዬ ተሰበሰቡ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው። ዓሣ በሚራባበት ወራት መረብ መጣል ክልክል ነው። ኩሬን በብርብራም ሆነ በሌላ መርዝ መበከል ክልክል ነው።

«ጅግራስ?» አለ ደረበ። ደረበ የማዶው መንደር ሰው ነው፤ ባለ ትራክተር፣ ባለ ሞገስ፣ ጨዋታ አዋቂ።

«ጅግራም አለችበት» አልኩት።

«ማሽላዬን ስትለቅም እሷ ፈቃድ አላት?»

ሰዉ ሳቀ።

«ከርከሮስ?» አለ ሌላው።

«አዝመራ ካጠፋ ለጽሕፈት ቤቱ ታመለክታለህ ይላል።»

«እኔ አመልክቼ እስክመለስ ከርከሮው አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ጎተራ ይከታል!»

ታጠቅ ብቻ አልሳቀም። «አንበሳስ፣ እታለም? ስለ አንበሳ ምን ይላል?» አለኝ።

«እሱማ ከሁሉ የከበደው ነው። ለዓመታት ያሳስራል።»

«ጥሩ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶም መልሶ፣ «ጥሩ ነው» አለና ሄደ።

ለምን ጥሩ እንደሆነለት የገባኝ ይመስለኛል። ሕጉ ከመጣ ወዲህ ያልገደለ ሰው ፈሪ መባሉ ቀርቶ ሕግ አክባሪ ይባላል። ታጠቅ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ትከሻው ቀና ብሎ ነበር፤ እኔ አይቻለሁ።

ባለፈው ኅዳር አንድ አንበሳ ከጫካው ወጥቶ ወደ እኛ ማሳዎች መጣ። ታጠቅ አንድ ጠዋት እያለከለከ ቤት ገባ፤ ልብሱ ተቀዷል፣ ክንዱ ተቧጥጧል።

«በሬውን አንበሳ በላው» አለ።

«መሣሪያህስ?» አለች ሰርካለም።

«አንበሳው ራቀብኝ።»

ከዚያ በላይ አላወራም፤ እሷም አልጨቀጨቀችውም። በማግስቱ እንደ ቀጠሯቸው ለልጃቸው ሠርግ ዕቃ ሊገዙ መተማ ዮሐንስ ወረዱ፤ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ከሐሚዳ ሱቅ የሙሽራ ጨርቅ ስንመርጥ ዋልን። ታጠቅ በሱቁ በር ሲወጣና ሲገባ ሐሚዳ፣ «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ አቧራውን አመጣህብኝ!» እያለች ስትስቅበት ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ እረኞች አንበሳውን ወንዙ ዳር ሞቶ አገኙት። ጠባቂዎቹ በመኪና መጥተው ጫኑት፤ ለማንም ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። ማን ገደለው? በድሮው ጊዜ ቢሆን ገዳዩ ገና ከሩቅ እየዘፈነ ይመጣ ነበር። አሁን ማንም «እኔ ነኝ» አላለም። ሰዉ ሕጉን ፈርቶ ነው አልን። ግዳዩ ባለቤት አጥቶ ቀረ።

ጥር ላይ የታጠቅ ልጅ ውባንተ የደረበን ልጅ እሌኒን አገባ። የሙሽራዋ ወገኖች ለቅልቅል እኛ ቤት በመጡ ዕለት ጠላው ገብቷል፣ ጭብጨባው ሞቋል። ደረበ ተነሣ። በነጭ ጀላቢያው ላይ ጋቢ ጣል አድርጎ ዱላውን ከፍ አደረገ። ደረበ ሲፎክር ያምርበታል፤ ድምፁ ከጉሮሮው ሳይሆን ከእግሩ ሥር የሚወጣ ነው የሚመስለው።

«ዘራፍ!
አባቴ ጎሽ ገዳይ ከጓንግ ወንዙ ማዶ፣
ልጁ ምን ያንሰዋል ከጀግና ተወልዶ!»

ሲጨርስ ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ወደ እኛ ወገን ዞረ። «እናንተስ፣ አማቾቼ? የአለኸኝ ቤት ወንድ አለቀ ልበል?» አለ።

ቀልድ ነው። አማች ካልተነካካ ሠርግ አይሞቅም። የእኛ ወገን ሳቀ። ከሳቁ ውስጥ ግን አንዱ፣ «ታጠቅማ ከብቶቹን ሊያይ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ እውነትም ታጠቅ በሩ ላይ ነበር፣ አንድ እግሩ ወጥቷል። የደረበ ሰዎች ነገሩ ባይገባቸውም እየጮሁ ሳቁ። ታጠቅ ያችን የወጣች እግሩን ሲመልሳት አየሁት። ከአንዱ እጅ ዱላ ነጠቀና መሐል ገባ።

«ዘራፍ!
የሽንፋን አንበሳ ገዳዩ የጠፋው፣
ታጠቅ አለኸኝ ነው ባንድ ጥይት የደፋው!»

ሰዉ አንገቱን አስግጎ አየው። ከዚያ እልልታው ፈነዳ። ደረበ ዱላውን ጥሎ አቀፈው፤ «እዚህ ቤት አንበሳ ተቀብሮ ነው እንዴ እኔ የማላውቀው! ቅቤ አምጡ!» አለ። ቅቤ መጣ፤ አናቱ ላይ ተደረገለት። ለታጠቅ በርጩማ ሰጡት፤ ተቀመጠም። ሲቀመጥ ሳየው ደነገጥኩ።

ሰርካለም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እታለም፣ የትኛውን አንበሳ ነው የሚለው?» አለችኝ።

«ዝም በይ፤ የድግስ ቃል ነው፣ ያልፋል» አልኳት።

አላለፈም። አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ዳሱ ሳይፈርስ ፖሊስና ጠባቂዎች መጡ። የደረበ ዘመዶች ገና አልተበተኑም፤ ሙሽራዋም በር ላይ ቆማለች። ፖሊሱ ጨዋ ልጅ ነው፤ ስልኩን አወጣና ለታጠቅ አሳየው።

«አባባ፣ ይኸ እርስዎ ነዎት?»

ታጠቅ ራሱን አየ። «ነኝ» አለ።

«አንበሳውን እርስዎ ነዎት የገደሉት?»

ዞሮ ሁላችንንም አየን። ደረበን አየ፣ እሌኒን አየ። «አይ፣ የሠርግ ጨዋታ ነው» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ላቡ ከቅቤው ጋር በግንባሩ ይወርዳል።

«ገድያለሁ» አለ።

ገንዳ ውሃ ከተማ ወሰዱት። እኔና ሰርካለም ስንቅ ይዘን በሚኒባስ ተከተልን። ጣቢያው ስንደርስ ጉድ አየን። እስረኞቹ «አንበሳው» እያሉ ይጠሩታል፤ ወጣቶቹ ከፊቱ ሲያልፉ ይጎነበሳሉ። ሰርካለም የስንቁን ዕቃ አጥሩ ሥር አስቀመጠችና፣ «አንበሳው፣ ጥሬ ሥጋ አላመጣሁልህም፤ ሽሮ ትበላለህ?» አለችው።

«ሰው ፊት አትቀልጅብኝ።»

«እኔ ነኝ የምቀልደው? የገደልከው የት ነው? መቼ ነው? ቅዳሜ ነው ወይስ በሕልምህ?»

«ሰርካለም!»

«ልጅህ ሙሽራይቱን ትቶ ጠበቃ ይፈልጋል። ማሽላው ሜዳ ላይ ወድቋል። አንተ እዚህ ‘አንበሳው’ ይሉሃል።» አለቀሰች። ታጠቅ ከአጥሩ ማዶ ወዲህ ወዲያ ይላል። እንደ ወትሮው አይደለም፤ ሰው ሲያየው ቀስ ይላል፣ ሰው ሲያልፍ ይፈጥናል።

እኔን ለብቻዬ ጠጋ ብሎ፣ «እታለም፣ ያችን ቃል ከተናገርኩ ወዲህ እግሬ መሬት አልይዝ አለ። መርማሪው ‘የት መታኸው?’ ይለኛል፤ ‘ግንባሩን’ እላለሁ። ‘ከየት ሆነህ?’ ይለኛል፤ ሌላ አመጣለሁ። በማግስቱ የትናንቱን እረሳለሁ። አንድ ውሸት ለብቻዋ አታድርም ለካ፤ ዘመድ ትጠራለች» አለኝ።

«እንግዲያስ ተናገራ፣ ታጠቄ። አልገደልኩም በል።»

«ደረበስ? እሌኒስ? አማቷ ቅቤ ተቀብቶ የዋሸ ነው ሊሉባት?» አለና ወደ ውስጥ ገባ።

ከጣቢያው ስንወጣ ማስተዋል ጠራችን። ማስተዋል ከጠባቂዎቹ ጋር የምትሠራ የዱር እንስሳት ባለሙያ ናት፤ ወጣት ናት፣ ጫማዋ አቧራ ጠጥቷል። ሻይ ቤት አስቀመጠችንና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንበሳው ገላ ላይ ጥይት የለም።»

ሰርካለም ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«የሞተው በመርዝ ነው። ለሰሊጥ ተባይ የሚረጨው ማላታይን፤ ሆዱ ውስጥ ከበሬ ሥጋ ጋር ተገኝቷል። አንበሳ የገደለውን ትቶ አይሄድም፤ ይመለስበታል። ይኸን የሚያውቅ ሰው የበሬው ሬሳ ላይ መርዝ ነስንሶበታል። ከአንበሳው ዙሪያ ጥንብ አንሳዎችም ረግፈው አግኝተናል። ምሥጢር ያደረግነው ሰውዬውን እየፈለግን ስለነበር ነው።»

«እሰይ!» አለች ሰርካለም፤ «እንግዲያ ታጠቅ ነጻ ነው!»

«ቃላቸውን ካልለወጡ ግን አይደሉም። ነገ ዐቃቤ ሕግ፣ ‘ገድያለሁ ብሏል፣ አንበሳው በመርዝ ነው የሞተው፤ እንግዲህ መራዡ እሱ ነው’ ይላል። በዚያ ላይ ገዳዩ ተገኘ ተብሎ ፍለጋው ቆሟል። የበሬው ሬሳ ቅሪት ከእነ መርዙ እዚያው ወንዝ ዳር ነው፤ ከመራዡ ሌላ ቦታውን በትክክል የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከብት የሚጠጣው ከዚያ ነው። ሰው ሊሞት ይችላል።»

በማግስቱ ይህንኑ ለታጠቅ ራሷ ነገረችው፤ እኛም ከአጥሩ ውጭ ቆመን ሰማን። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። በእኛ አገር በመርዝ የገደለ ገዳይ አይባልም፤ ከጅብ ያነሰ ነው የሚባለው። ከትናንት ወዲያ ጀግና ነበር፤ አሁን ወይ ውሸታም ነው ወይ መራዥ። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ሦስተኛውን መንገድ ያመጣው ደረበ ነው። ነገሩን ሰምቶ በራሱ መኪና መጣ። በመጀመሪያ ታጠቅን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ደረበ ደረበ ነውና መላ አገኘ።

«አንበሳውን አይተኸዋል አይደል?» አለው።

«አይቼዋለሁ።»

«መሣሪያ ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«አበቃ! አነጣጥሬ ነበር፣ ሕጉ ትዝ አለኝና አፈሙዙን አወረድኩ በል። በሠርጉ ዕለት ጠላው አሳተኝ በል። ማረህ እንጂ አልዋሸህም። የማረ ከገደለ ይበልጣል! እኔ ራሴ እፎክርልሃለሁ።»

ማስተዋልም ስትሰማ ደስ አላት፤ ክፋት የላትም። «ጋሼ ታጠቅ፣ እውነት ከሆነ ይኸ ለሰው ሁሉ ትምህርት ነው። በሬያቸው ተበልቶ እያለ ሕግ አክብረው የተዉ ገበሬ ማለት እኮ… በየቀበሌው እየዞርን እናወራዋለን። ፎቶዎን እንለጥፈዋለን» አለችው።

 ታጠቅ ወዲያ ወዲህ ማለቱን አቆመ። ደረበ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «በቃ ተስማምተናል» አለ። ሰርካለም የተመለሰላት መሰላት፤ በመንገድ ላይ አወራች፣ ሳቀችም። እኔ ግን ያን ሰሞን እህል አልጣመኝም። ታጠቅ በቀበሌው ግድግዳ ሥር «ጥሩ ነው» ሲል ያየሁት ፊት እየመጣ ይረብሸኛል። ይኸኛው ቃል ደግሞ ዕድሜ ልኩን ተለጥፎ የሚኖር ነው።

ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ደረበ ከወንድሞቹ ጋር የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ውባንተና እሌኒ ከእኛ ጋር ናቸው። ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው መዝገቡን አዩ።

«አቶ ታጠቅ፣ ቃልዎን መለወጥ ይፈልጋሉ ተብሏል።»

«አዎ፣ ክቡር ዳኛ። አንበሳውን አልገደልኩም።»

«እንዴት ነው እንግዲያ ገደልኩ ያሉት?»

«ሠርግ ነበር። ጠላ ጠጥቼ ነበር።» ይኸንን ደረበ እንዳስጠናው ተናገረ። ደረበ ራሱን ነቀነቀ።

«አንበሳውን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ። ጎህ ሲቀድ በሬውን ውኃ ላጠጣ ወደ ወንዙ ወረድኩ። በሬው ከፊቴ ነበር። ድንገት አጓራ። ቀና ስል አንበሳው ጀርባው ላይ ነው።» ቆመ። «ወንዙ ዳር አንዲት ባምባ ዛፍ አለች። እንዴት እንደወጣሁባት አላውቅም።»

«መሣሪያ ይዘው ነበር?»

«ትከሻዬ ላይ ነበር። ጎርሷል።»

«አንበሳው ምን ያህል ይርቅ ነበር?»

«ከሥሬ ነው፣ ክቡር ዳኛ። እስከዚያ በር ድረስ አይሆንም። ሲበላ አየሁት። ሽማግሌ ነው፤ ጎፈሩ ሳስቷል። በአንድ ወገን ብቻ ነበር የሚያኝከው፣ ጥርሱ ያመመው ሰው እንደሚበላው።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ለምን አልተኮሱም?»

ይህችን ጥያቄ ስንጠብቅ ነበር። ደረበ ወንበሩ ላይ ወደፊት አለ። ማስተዋል ግድግዳው አጠገብ ቆማ በፈገግታ ታየዋለች። ታጠቅ አፉን ከፈተ።

«ሕጉ…» አለ።

 ወደ በሩ ሄዶ ሰማይ አይቶ የሚመለስበት ጊዜ ነበር፤ ግን ፖሊሱ አጠገቡ ነው፣ መሄጃ የለውም። እጆቹን አየ።

«ሕጉ ትዝም አላለኝ፣ ክቡር ዳኛ» አለ።

ደረበ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሳዘነኝ ብል እውነት የሆነ ነገር አለበት፤ ያሳዝን ነበር። ግን ያዘነ ሰው እጁ እንዲህ አይንቀጠቀጥም። ፈራሁ። ፈርቼ ሱሪዬን አበላሸሁ። አንበሳው ከሄደም በኋላ ፀሐይ ወጥታ እስክትሞቅ ድረስ አልወረድኩም። በሬዬ ከሥሬ ሲበላ ቅጠል ይዤ ነበር፣ ቅጠል! መሣሪያው ለካ ትከሻዬ ላይ ነው።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ችሎቱ በሙሉ። ዳኛው ጠረጴዛውን ቢመቱም ወዲያው አልቆመም፤ እሳቸውም ከንፈራቸውን ነክሰው ነው የመቱት። ታጠቅ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። እኔ እያየሁት ነበር፤ አላቀረቀረም። ሰርካለም በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅሁም። እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

ፍርድ ቤቱ ነገሩን መረመረ፤ ማስተዋል መርዙ ተነስንሷል ባለችው ዕለት መተማ ዮሐንስ መዋሉን ሐሚዳም መጥታ መሰከረችለት። «የሱቄን በር ሲመላለስበት ነው የዋለ!» ብላ እንደገና አሳቀች። ዳኛው መንግሥትን በሐሰት ቃል ማሳሳት ምን እንደሆነ ቆጣ ብለው ነግረው፣ አስጠንቅቀው ለቀቁት።

ግቢው ውስጥ ደረበ ከወንድሞቹ ጋር ቆሞ ነበር። ታጠቅ ሰላም ሊለው ሄደ። ደረበ ሰላምታውን ሳይቀበል መኪናው ውስጥ ገባ። እሌኒ፣ «አባዬ!» አለች፤ መስታወቱን ዘጋው። ታጠቅ እጁን እንደዘረጋ ጥቂት ቆየና ወደ ኪሱ ከተተው። ማስተዋልም የፎቶውን ነገር አላነሣችውም። «ቦታውን ነገ ያሳዩናል?» ብቻ አለችው።

«ዛሬስ ምን አለበት?» አለ ታጠቅ።

ቀኑ መሽቶ ስለነበር ማግስቱን ወንዙ ዳር ወረድን። ጠባቂዎቹ ጓንትና አካፋ ይዘዋል። ታጠቅ ፊት ፊት እየሄደ ሣሩን በዱላው ይገልጣል፤ የበሬውን አጥንት አገኘው። አንድ ባዶ የማላታይን ጠርሙስም ከቁጥቋጦ ውስጥ ወጣ። ማስተዋል በላስቲክ ጠቀለለችው፤ አሁን ፍለጋው እንደገና ተጀምሯል፣ ገና አላለቀም። ቅሪቱን ቆፍረው ቀበሩት፣ ላዩን አቃጠሉት፤ ከብት እንዳይጠጋ እሾህ አጠሩበት።

ጭሱን ያየ የመንደሩ ሰው ተሰበሰበ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገብቷል። መሐላቸው የደረበ ታናሽ ወንድም አለ፤ ትናንት ችሎት ውስጥ ነበር። ክፉ ፈገግታ ይዞ ቀረበ።

«ያቺ ዛፍ የቷ ናት፣ ጋሼ ታጠቅ?»

  ሰርካለም የነጠላዋን ጫፍ ያዘች።

«ይቺ ናት» አለ ታጠቅ።

«የትኛው ቅርንጫፍ ላይ?»

ታጠቅ ዱላውን አንሥቶ ጠቆመ። «ታችኛው አይደለም፤ እሱማ አንበሳው ይደርስበታል። ያ ከላዩ ያለው።»

ሰውዬው አንጋጦ አየ፤ ሌሎቹም አንጋጠጡ። «ይኸን ያህል ወጣህ?» አለ፤ ፈገግታው ጠፍቶ ነበር።

«ከዚያም በላይ ልወጣ ነበር» አለ ታጠቅ፤ «ቅርንጫፉ አለቀብኝ እንጂ።»